የተሸጠ ዕቃ አይመለስም

ሰው ዕቃ ሲገዛ ገንዘቡን ብቻ ሰጥቶ የሚሄድ ይመስለዋል እንጂ እምነቱንም አብሮ መስጠቱን ብዙ ጊዜ አያስተውለውም። ጨው የገዛ ቀምሶ፣ እህል የገዛ ቆርጥሞ፣ በሬ የገዛ ጥርሱን አይቶና አስኪዶ ለማወቅ ይችላል፤ ብረት የገዛ ሰው ግን ከቀለሙ በቀር የሚያየው ነገር የለም። ውስጡ ምን እንደ ሆነ የሚገለጥለት ሥራ ላይ ሲያውለው ነው፤ ያን ጊዜም ሻጩ ከፊቱ የለም። ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ይህን የምጽፍልህ በአንድ መጥረቢያ ምክንያት ስለ ደረሰብኝ ነገር፣ ይልቁንም እኔው ራሴ በሌላ ሰው ላይ ስላደረስሁት ነገር ነው።

የተወለድሁትም ያስተማርሁትም በእብናት ነው። አገራችንን የማያውቅ ሰው ቢኖር፣ አዲስ ዘመን ከተማ ላይ ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ ወደ ምሥራቅ የሚሄደውን መንገድ ቢይዝ ያገኘናል። በእኛ ዘንድ መጥረቢያ በየቤቱ ጥግ የቆመ ቤተ ሰብ ነው ማለት ይቻላል። ሞፈርና ቀንበር የሚጠረበው፣ ምሰሶና ማገር የሚቆረጠው፣ ለሠርግና ለተዝካር የሚሆን ማገዶ የሚፈለጠው በእርሱ ነው። መሬትም በሬም የሌለው ወጣት አንድ ደኅና መጥረቢያ ካለው የሰው ባሕር ዛፍ በቁርጥ ተቀብሎ እየቆረጠና እየፈለጠ እንጀራውን ይበላል። እንግዲህ የመጥረቢያ ነገር ቀላል ነገር መስሎ እንዳይታይህ እለምንሃለሁ።

በ2009 ዓ.ም. አጎቴ አንድ ጠቦት ሸጡና ገንዘቡን በመሐረብ ቋጥረው ሰጡኝ። «ባሕር ዳር መሄድህ አይቀርም፤ እስቲ ከፈረንጁ መጥረቢያ ደኅናውን ምረጥልኝ። አንተ ፊደል ታውቃለህ፤ አያታልሉህም» አሉኝ። በዚያ ጊዜ ይህ አደራ ከፍ ያለ ክብር ሆኖ ተሰማኝ። በመንደራችን የሚሠራ ቀጥቃጭ ሳይኖር ቀርቶ አይደለም፤ ነገር ግን የከተማ ዕቃ፣ ይልቁንም ከባሕር ማዶ የመጣ ዕቃ፣ የአገር ቤቱን ሥራ እንደሚበልጥ አጎቴም እኔም አልተጠራጠርንም።

በባሕር ዳር ከአንድ ሰፊ መደብር ገባሁ። መጥረቢያዎቹ በግድግዳው ላይ በተርታ ተሰቅለው፣ እጀታቸው ቀይ ቀለም ተቀብቶ፣ ብረታቸው እንደ መስተዋት ሲያበራ አየሁ። ባንዱ ላይ የፈረንጅ አገር ሰንደቅ ዓላማ ያለበት ወረቀት ተለጥፎበታል። ባለመደብሩ «ይኼ ኦርጅናል ነው፤ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ነው» አለኝ። ዋጋውን ብጠይቀው በደረሰኝ 520 ብር፣ ያለ ደረሰኝ ግን 450 ብር መሆኑን ነገረኝ። እኔም መምህር ነኝ የምለው ሰው፣ ለተማሪዎቼ ስለ ግብር ጥቅም የማስተምረው ሰው፣ ሰባውን ብር ለማትረፍ ስል ያለ ደረሰኝ ገዛሁ። ከመደብሩ ስወጣ በበሩ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ጽሑፍ አንብቤአለሁ፤ እንዲህ ያለ ጽሑፍ በየሱቁ ስለ ሞላ ከጌጥ በቀር ሌላ ነገር አልመሰለኝም ነበር።

አጎቴ መጥረቢያውን በደስታ ተቀበሉ፤ ጎረቤትም እየመጣ አየው። በሦስተኛው ቀን የደረቀ የወይራ ግንድ ሲፈልጡበት የስለቱ ጫፍ እንደ ቆርቆሮ ታጠፈ። ስለውት እንደ ገና ሞከሩ፤ እንደ ገና ታጠፈ። በማግሥቱ ደግሞ እጀታው ከመካከሉ ተሰነጠቀ፤ ቀለሙን ብንፍቀው ከሥሩ አንድ ትልቅ ዐይነ ቁር የመሰለ ቋጠሮ ተደብቆ አገኘን። የእንጨቱም መሥመር ከላይ እስከ ታች ቀጥ ብሎ በመሄድ ፈንታ በአግድም የሚያልፍ ነበረ፤ እጀታ እጠርባለሁ የሚል የአገራችን እረኛ እንኳ እንዲህ ያለውን እንጨት ለእሳት እንጂ ለእጀታ አይመርጠውም። አጎቴ ምንም አልተናገሩኝም። መጥረቢያውን በጆንያ ጠቅልለው ሰጡኝና «መልስላቸው፤ ተሳስተው ይሆናል» ብቻ አሉ።

ወደ ባሕር ዳር ተመለስሁ። ባለመደብሩ አስታወሰኝ፤ ሲያስታውሰኝም ፊቱ ተለወጠ። «ድንጋይ መተህበት ይሆናል» አለ። ድንጋይ እንዳልነካ ስነግረው «ደረሰኝህን አምጣ» አለኝ። ደረሰኝ ያልሰጠኝ እርሱ፣ ደረሰኝ ያልተቀበልሁት እኔ፣ ሁለታችንም የምናውቀውን ነገር እየጠየቀ ዐይን ለዐይን ተያየን። ከዚያ በኋላ ጣቱን ወደ በሩ ጽሑፍ ቀሰረና ሌላ ገዢ ለማስተናገድ ፊቱን አዞረ። ጥቂት ቆሜ ጠበቅሁ፤ ነገር ግን ለእርሱ ከዚያ ወዲያ በመደብሩ ውስጥ አልነበርሁም።

ሕጉስ ምን ይላል ብለህ ብትጠይቀኝ፣ ሕጉ ከጽሑፉ ጋር አይስማማም። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት መድን እንዲሆን፣ ገዢም ዕቃውን ቶሎ መርምሮ ጉድለቱን እንዲያስታውቅ ደንግጓል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ደግሞ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት ለመጠየቅ እንዲችል፣ ነጋዴም ሸማቹን በትሕትናና በአክብሮት እንዲያስተናግድ አዘዘ። እኔ የሄድሁት በ9ኛው ቀን ነበር። ነገር ግን ሰባ ብር ለማትረፍ ብዬ መብቴን በራሴ እጅ ሸጬ ስለ ነበር አፌን ሞልቼ ለመናገር አልቻልሁም። ሻጭ ደረሰኝ የሚከለክለው ከመንግሥት ለመደበቅ ብቻ ይመስለን ነበር፤ ከገዢውም ለመደበቅ እንደሚጠቅመው ያን ቀን ተረዳሁ።

በባለመደብሩ ላይ ብቻ ፈርጄ እንዳላልፍ ግን ፍርድ ይከለክለኛል። እርሱም መጥረቢያውን የገዛው እንደ ተዘጋ በካርቶን ነው፤ ያከፋፈለውም ከአስመጪው የተቀበለው እንደ ተዘጋ ነው፤ አስመጪውም ናሙና አይቶ በዋጋ ተከራክሮ ያዘዘ ይሆናል። ከፋብሪካው በር እስከ አጎቴ ደጃፍ ድረስ ያን ብረት በሞረድ ነክቶ፣ በደረቅ እንጨት ላይ መትቶ የፈተነ አንድ ሰው አልነበረም። የመጀመሪያው ፈታኝ የአጎቴ ወይራ ነው። በአገራችን የደረጃዎች መሥሪያ ቤት ካለ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ነገር ግን የትኛውም መሥሪያ ቤት ቢሆን ካርቶን ሁሉ ከፍቶ መጥረቢያ ሁሉ ሊመታ አይችልም፤ በየእጁ ያለፈው ሰው ሁሉ «የሚቀጥለው ይየው» ካለ ግን የሚያየው የመጨረሻው ድኻ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ራሴ በደል እመጣለሁ።

አጎቴን ለማሳፈር፣ እውነቱን ለመናገር ራሴን ለማሳፈር ስላልወደድሁ «ተቀብለውኛል፤ ገንዘቡ ይኸው» ብዬ ከደመወዜ 450 ብር ሰጠኋቸው። መርቀውኝ ተቀበሉ። መጥረቢያው ግን በቤቴ ጥግ ተቀምጦ ባየሁት ቍጥር አናደደኝ። ስለዚህ ደኅና የወይራ እጀታ አስገባሁበት፤ ስለቱን አሹዬ፣ ብረቱን በዘይት ወልውዬ በገበያ ቀን ይዤው ወጣሁ። አንድ ቀድሞ ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጠ ተማሪዬ የነበረ ልጅ አየና አገላብጦ ተመለከተው። ባሕር ዛፍ በመቁረጥ እናቱን የሚጦር መሆኑን አውቅ ነበር። «ጋሼ፣ ደኅና ነው?» አለኝ። እኔም «ከባሕር ዳር የመጣ ነው» አልሁት። ይህ ውሸት አልነበረም፤ ከባሕር ዳር የመጣ ነው። የጠየቀኝን ሳልመልስለት ያልጠየቀኝን እውነት ነገርሁት። እርሱም ሳይከራከር 300 ብር ቆጠረልኝ፤ ያልተከራከረውም ሻጩ መምህሩ ስለ ሆነ ነው።

ሦስት ሳምንት ያህል እንዳለፈ እያነከሰ ከቤቴ ደጃፍ መጣ። የአንድ ሰው ባሕር ዛፍ በቁርጥ ተቀብሎ ሥራ በጀመረ በማግሥቱ ስለቱ ታጥፎበት ኖሮ፣ ያን የደነዘ መጥረቢያ በኀይል ሲሰነዝር እንጨቱን በመንከስ ፈንታ ተንሸራትቶ ቅልጥሙን መታው። የሰላ መጥረቢያ ያስፈራል ይባላል እንጂ የእንጨት ሥራ የሚያውቅ ሰው ሁሉ የሚፈራው የደነዘውን ነው፤ የሰላው ካረፈበት ይገባል፣ የደነዘው ግን ወዴት እንደሚዘል አይታወቅም። ደግነቱ አጥንቱ አልተሰበረም። ሥራውን ግን ሌላ ሰው ወሰደበት፤ የተቀበለውንም ቀብድ መመለስ ነበረበት።

መጥረቢያውን መሬት ላይ አኖረና በቁጣ ሳይሆን ነገሩን ለማወቅ ብቻ እንደሚፈልግ ሰው «ጋሼ፣ ያውቁ ነበር?» አለኝ።

እኔም «ድንጋይ መተህበት ይሆናል» አልሁት።

ቃሉ ከአፌ እንደ ወጣ የማን ቃል እንደ ሆነ አወቅሁት። ድምፁ እንኳ የባለመደብሩ ድምፅ መሰለኝ። ልጁ ምንም አልመለሰልኝም፤ ራሱን ዝቅ አድርጎ መጥረቢያውን ሊያነሣ ጎንበስ አለ። አንባቢ ሆይ፣ ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን እንደ በጎ ሥራ አትቍጠርልኝ፤ እንዲያው ቆሜ ልሸኘው ስላቃተኝ ነው። እጁን ይዤ «ዐውቅ ነበር» አልሁት። ከዚያም ወደ ቀጥቃጩ ቤት ይዤው ሄድሁ።

ስለዚህ ሽማግሌ ቀጥቃጭ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ቤቱ ከመንደሩ ዳር ነው፤ የቀጥቃጭ ቤት ሁልጊዜ ከመንደር ዳር ነው። ልጅ ሆኜ እናቴ በዚያ በኩል ስናልፍ ነጠላዋን ትከናነብና እኔንም ከሥሯ ትሸሽገኝ ነበር፤ ዐይናቸው ይበላል ይባል ነበርና። ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ መጥረቢያውን ከእጃቸው እንቀበላለን፤ ከመሶባቸው ግን አንቈርስም፤ ልጃችንን ለልጃቸው አንሰጥም። አባቴ የሚሆኑትን ሽማግሌ የመንደሩ ልጅ ሁሉ «አንተ» እያለ ይጠራቸው ነበር፤ እኔም እንዲሁ።

ይህ የንቀት ነገር ስንት እንዳሳጣን ማሰብ ይገባል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው ምክንያት መስደብ ክልክል መሆኑን በዐዋጅ አስነግረዋል፤ ዐዋጁ ከተነገረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖት ስድቡ ገና አልሞተም። ከዚያም በፊት በዚሁ በእኛው አገር፣ ከደብረ ታቦር ከተማ እምብዛም በማይርቀው በጋፋት፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ፈረንጆች ባለ እጆችን ከአገሬው ሠራተኞች ጋር አሰባስበው መድፍ ያሠሩ ነበር። የመጀመሪያው የማቅለጥ ሙከራ አልተሳካም፤ ደጋግመው ሞከሩ እንጂ የተበላሸውን «ደኅና ነው» ብለው ለንጉሡ አላስረከቡም። በ1850ዎቹ መጨረሻ ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል ተሠራ፤ ይህንንም ሕዝቡ በገመድ እየጎተተ፣ ንጉሡም ከሠራተኛው ጋር ድንጋይ እያነሡ መንገድ እየጠረጉ፣ እስከ መቅደላ አደረሱት። ብረት ሠሪን የሚያከብር ንጉሥ በደብረ ታቦር ተቀምጦ ሳለ፣ የአገሬው ሰው ግን ብረት ሠሪውን ቡዳ ማለቱን አልተወም።

በጎንደር አገር ብረቱን ከሚቀጠቅጡት፣ ሸክላውን ከሚሠሩት መካከል ብዙዎቹ ቤተ እስራኤል ነበሩ። በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል፣ በ1983 ዓ.ም. ግንቦት ወር ደግሞ ሁለት ቀን በማይሞላ ጊዜ ከ14,000 በላይ የሚሆኑት ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰዱ። የሄዱት ሃይማኖታቸው ስለ ጠራቸው ነው፤ የሸኘናቸው እኛ ግን ስድባችንን ይዘን ቀረን። ከእነርሱ በኋላ ማረሻውን የሚያሾልለት ያጣ ገበሬ ብዙ መንገድ መሄድ ግድ ሆነበት። ከኛ ዘንድ የቀሩት ሽማግሌ ከእነርሱ ወገን አይደሉም፤ ስድቡ ግን ወገን ሳይለይ ለሁሉም ይደርስ ነበር።

እንግዲህ ከደጃቸው ደርሼ ለመጀመሪያ ጊዜ «አባ፣ እንደምን ዋላችሁ» ብዬ ሰላምታ ሰጠኋቸው። ቀና ብለው አዩኝና ወናፍ የሚነፋውን የልጅ ልጃቸውን «በርጩማ አምጣ» አሉት። መጥረቢያውን ተቀበሉ። አልመረመሩም፣ አልተራቀቁም፤ አንድ ጊዜ ብቻ ሞረዳቸውን በስለቱ ላይ አሳለፉት። ብረቱ እንደ ሳሙና ተላጠ። «ይህ ቀለም የተቀባ ብረት ነው እንጂ ስለት አይደለም። ውኃ ባጠጣውም አይጠጣም» አሉ። ነገሩን እንዲህ አድርገው አስረዱን፦ ስለት የሚይዝ ብረት አለ፣ የማይዝ ብረት አለ፤ የማይዘውን ሰማይ ድረስ ብታግለው፣ ወንዝ ውስጥ ብትነክረው ያው ለስላሳ ነው። የዘመኑ ትምህርት በብረቱ ውስጥ ያለው የካርቦን መጠን ነው የሚለውን ነገር እርሳቸው በሞረድ ጆሮ ይሰሙታል።

ለልጁ አዲስ እንዲሠሩለት ለመንኋቸው። ከመኪና የወጣ አሮጌ ባሌስትራ ከጥግ አነሡ፤ ከዚያ የሚሻል ብረት በአገራችን እንደማይገኝ ነገሩኝ። እውነታቸውን ነው፤ የመኪናን ክብደት በጉድጓድ መንገድ ላይ እየተሸከመ ሳይሰበር የኖረ ብረት ፈተናውን አስቀድሞ ጨርሷል። ያን ቀን ግን አልሠሩትም። «ከነገ ወዲያ» አሉ፤ ከነገ ወዲያ ስንሄድም «ከሰል አለቀ» አሉ፤ ሦስት ጊዜ አመላለሱን። ባለ እጅ ሁሉ ቅዱስ ነው እንዳልል ይህን ጻፍሁት፤ የቀጠሮ ነገር የእኛ ባለ እጆች ሁሉ ድካም ነው።

በአራተኛው ጊዜ ተቀምጬ አየሁ። ብረቱ በከሰሉ ውስጥ ቀልቶ ሲወጣ በጉጠት ይዘው በመስፉ ላይ ቀጠቀጡት፤ ሲቀዘቅዝ መልሰው ያገቡታል፤ እንደ ገና ይቀጠቅጡታል። ቅርጹ ካለቀ በኋላ ስለቱን ብቻ አቅልተው በውኃ ነከሩት፤ ቀጥሎም ጫፉን በድንጋይ ፍቀው ከእሳቱ አጠገብ አቆዩና ቀለሙ ጭድ መስሎ ሲመጣ አዩት፤ እንዲህ ካልሆነ እንደ ሸክላ ይሰበራል ብለውኛል። እጀታ አስገቡበት፤ ሽብልቅ መቱበት። እኔ እጄን ለመቀበል ዘረጋሁ፤ እርሳቸው ግን አልሰጡኝም። ከደጃቸው አንድ ቋጠሮ የበዛበት ደረቅ ወይራ አለ፤ ፊቱ በሙሉ በምሳር ጠባሳ ተሸፍኗል። ሄደው ሦስት ጊዜ መቱት። ስለቱን ወደ ብርሃን አዙረው ተመለከቱ፤ እኔ ምንም ያየሁት ነገር አልነበረም። እርሳቸው ግን ራሳቸውን ነቅንቀው እጀታውን አወለቁና ብረቱን ወደ እሳቱ መለሱት። «ጫፉ ጥርስ አውጥቷል» አሉ። ማንም አላዘዛቸውም፤ እኛም ብንቀበል ደስተኞች ነበርን።

ሁለተኛ ሠርተው ሁለተኛ መቱበት፤ ያን ጊዜ ለልጁ ሰጡት። ዋጋው 200 ብር ነበር። እኔም የከተማው ነገር ከአእምሮዬ ስላልወጣ «ቢበላሽስ?» ብዬ ጠየቅሁ። ጥያቄው አልገባቸውም። ደግሜ «ቢታጠፍበት ምን ያደርጋል?» አልሁ። «ይመልሰዋ! እኔ የት እሄዳለሁ?» አሉኝ።

ይህን መልስ ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። በስዊድን አገር ግራንስፎሽ በምትባል መንደር በ1902 እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር የተቋቋመ የመጥረቢያ ፋብሪካ አለ፤ በዚያ እያንዳንዱ ቀጥቃጭ በሠራው መጥረቢያ ላይ የስሙን የመጀመሪያ ፊደላት ይቀርጽበታል። ዋጋው እጅግ ውድ ነው፤ ቢሆንም የገዛው ሰው የፈረመለትን እጅ ያውቃል። የእኛው ሽማግሌ ስማቸውን መጻፍ አይችሉም፤ ነገር ግን የሠሩት መጥረቢያ ሁሉ ከደጃቸው አንድ ቀን መንገድ በማይርቅ ስፍራ ይውላል፤ ቢታጠፍ ወሬው ከማታ በፊት ይደርሳቸዋል። የስዊድኑ ሰው ፊደሉን፣ የእኛው ሰው መኖሪያውን መድን አድርገው ሰጥተዋል። ከአጎቴ መጥረቢያ ላይ ግን ከሰንደቅ ዓላማ በቀር የሰው ምልክት አልነበረበትም፤ እኔም ለልጁ ስሸጥለት የራሴን ስም ከለላ አድርጌ ሰጠሁት፤ ስሜን ግን መድን አላደረግሁትም።

ለልጁ 300 ብሩን መለስሁለት፤ የቀብዱንና የሐኪሙን ገንዘብም ከፈልሁ። ገንዘቡን ቆጥሮ የራሱን ያህል ብቻ ወሰደና የአዲሱን መጥረቢያ 200 ብር ለሽማግሌው ራሱ ልክፈል ብሎ አስቸገረኝ። እኔ እንድከፍል የፈቀደው ብዙ ከተከራከርን በኋላ ነው። አሁንም ባገኘኝ ቍጥር «ጋሼ» ብሎ ሰላም ይለኛል፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ስለ ምንም ነገር «ደኅና ነው?» ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም።

በመጨረሻ ወደ አጎቴ ሄድሁና ሁሉን ተናገርሁ፤ ባለመደብሩ እንዳልተቀበለኝ፣ 450 ብሩ የራሴ እንደ ነበረ፣ መጥረቢያውንም ለማን እንደ ሸጥሁት። ዝም ብለው ሰሙኝ። ስጨርስ ስለ ገንዘቡ አንዳች አልጠየቁም፤ «የልጁ እግር ዳነ?» ብቻ አሉ። መዳኑን ነገርኋቸው። ተነሥተው ከሣጥናቸው ያን መሐረብ አወጡ፤ 450 ብሩ ሳይነካ እንደ ታሰረ ነበር፤ እጄ ላይ አኖሩት። ከዚያ ሰሞን ለሽማግሌው አንድ ባሌስትራ ተሸክመው ሲሄዱ አየኋቸው። ዕቃ ግዛልኝ ብለው ግን ሁለተኛ ልከውኝ አያውቁም።